በስም ቀርከሃ፣ በዘር ሌላ

አንባቢ ሆይ! በአዲስ አበባ ከሚገኙት የሆቴል እንግዳ መቀበያዎች፣ የባንክ አዳራሾች ወይም የሐኪም መጠበቂያ ክፍሎች ወደ አንዱ ቢገቡ፣ በጠረጴዛው ጥግ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በውኃ የቆመ፣ ግንዱ አንጓ አንጓ ያለው፣ ከራሱ ላይ ጥቂት አረንጓዴ ቅጠል ብቻ የያዘ ተክል ማየትዎ አይቀርም። አንዳንዱ እንደ እባብ ተጠምዝዟል፤ አንዳንዱም ሰባት ስምንት ሆኖ በቀይ ጥብጣብ በአንድነት ታስሯል። ስሙን ቢጠይቁ፣ የሚበዛው ሰው «ቀርከሃ ነው» ይልዎታል፤ ሻጩ ደግሞ «ላኪ ባምቡ» ይላል፤ ይኸውም የዕድል ቀርከሃ ማለት ነው።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ያ ተክል ቀርከሃ አይደለም፤ የቀርከሃ የቅርብ ዘመድም አይደለም። ይህን ስል፣ ሰውን በቃላት ማረም የሚወድ የመምህር አመል ይዞኝ አይደለም። የተክሉን ስም የሳተ ሰው አያያዙንም ይስታል። ቀርከሃ መስሎት ከቀትር ፀሐይ ላይ ያወጣው ሰው ቅጠሉ እንደ ወረቀት ሲነድድ ያያል። እውነተኛውን ቀርከሃ ከአገር ቤት አስቆፍሮ አምጥቶ በሳሎን ጥግ ያቆመውም ሰው ብዙ ሳይቆይ የደረቀ እንጨት ይቀርለታል። ስለዚህ ስለ አመራረጡና ስለ አያያዙ ከመናገሬ በፊት፣ እውነተኛው ቀርከሃ ወደሚኖርበት አገር አብረን ደርሰን እንድንመለስ አንባቢን እለምናለሁ።

በ2014 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ከአዲስ አበባ ተነሥቼ ወደ እንጅባራ ሄጄ ነበር። መንገዱ 450 ኪሎሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ እንጦጦን ከተሻገረ በኋላ ሱሉልታን፣ ፍቼንና ጎሐ ጽዮንን እያለፈ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ይደርሳል። ከዚያ ቀዝቃዛውን ደጋ ትተው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርዱ ጆሮዎ ይደፈናል፤ ካፖርትዎንም ያወልቃሉ። ድልድዩን ተሻግረው ወደ ደጀን ሲወጡ ደግሞ መልሰው ይለብሱታል። ይህን የምጠቅሰው የመንገዱን ግርማ ለማውራት ብቻ አይደለም። አገራችን ሁለት ዓይነት ቀርከሃ ሊኖራት የቻለው ከዚሁ ከፍታና ዝቅታ የተነሣ ነው። በቆላው፣ ይልቁንም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በኩል፣ ሽመል የሚባለው ይበቅላል፤ ግንዱ ውስጡ ድፍን ስለ ሆነ ዱላ ይሆናል። ሊቃውንት ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ ይሉታል። በደጋው ደግሞ፣ ከ2,200 ሜትር ከፍታ ጀምሮ፣ ውስጡ ክፍት የሆነው ረጅሙ ቀርከሃ ይገኛል፤ የሳይንስ ስሙ ኦልዴያኒያ አልፒና ነው። ሁለቱ ተደምረው በኢትዮጵያ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይሸፍናሉ።

ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ ከቡሬ በኋላ አየሩም መልክዐ ምድሩም ይለወጣል። ጥሊሊ ላይ ጉም መንገዱን ይሸፍነዋል። እንጅባራ፣ ቀድሞ ኮሶ በር ትባል የነበረችው ከተማ፣ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች የአዊ ዞን ዋና ከተማ ናት። በሐምሌ የደረሰ እንግዳ ከተማዋን ከማየቱ በፊት ዝናቧን ይሰማል። ሰዉ በፈረስ ወዳጅነቱ የታወቀ ነው፤ በካፊያው ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ በፈረስ የሚያዘግም ሽማግሌ ማየት በዚያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው የዘንገና ሐይቅ አለ። ስለ እርሱ መናገር ሌላ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ስለ ሆነ አልፈዋለሁ።

በመንገዱ ዳር ግን ማለፍ አይቻልም። ወንበሩ፣ አልጋው፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው፣ በርጩማው፣ ሁሉም ከቀርከሃ ተሠርቶ ለመንገደኛ ተደርድሯል። ከመንገዱ ወጣ ብለው ወደ መንደሩ ሲገቡም አጥሩ ቀርከሃ፣ የቤቱ ግድግዳና ጣራ ማገር ቀርከሃ፣ እህሉ የተቀመጠበትም ዕቃ የቀርከሃ ሥራ ነው። ከየቤቱ ጓሮ ደግሞ ሕያው ቀርከሃው ቆሟል። ከሥሩ ገብተው ቢቆሙ ቀትር ላይ እንኳ ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ነፋስ ሲነሣ ቅጠሉ ከላይ ይንሿሿል፤ ከታች ግንዱ ከግንዱ ጋር እየተፋተገ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። እንዲህ ያለ ድምፅ በሌላ ዛፍ ሥር ሰምቼ አላውቅም።

«ዛፍ» ማለቴ ለአነጋገር ነው። ቀርከሃ ዛፍ ሳይሆን ሣር ነው፤ የጤፍ፣ የገብስና የበቆሎ ዘመድ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ አሾፈብን ብለው ይሥቃሉ። የበቆሎን አገዳና የቀርከሃን ግንድ ጎን ለጎን አድርጌ አንጓዎቹን ሳሳያቸው ግን ዝም ይላሉ።

ጓሮውን ያሳዩኝ አንድ ሽማግሌ ይህን ከማንም የዕፅዋት መጽሐፍ በተሻለ አስረዱኝ። መሬቱን ሰንጥቆ የወጣውን፣ እንደ ቀንድ የሾለውን ቡቃያ በበትራቸው ጫፍ እያመለከቱ፣ «ይህ እንደ ሰው ልጅ ቀስ በቀስ አይወፍርም። ሲወለድ የያዘውን ውፍረት ይዞ ይሞታል። የሚቀረው ቁመት ብቻ ነው» አሉኝ። እውነትም ነው። ክረምት ሲገባ የወጣው ቡቃያ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ቁመቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ግንዱ የሚጠነክርበት ነው። ሽማግሌው ግንዱን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ በድምፁ ዕድሜውን ይለያሉ። ሦስት ዓመት የሞላው ይቆረጣል። ሕፃኑን የቆረጠ ሰው ግን ወንበሩን ነቀዝ ይበላበታል፤ ለጋው ግንድ ነቀዝ የሚወደው ምግብ አለበትና።

እንግዲህ የሄድኩበትን ጉዳይ ልናገር። አክስቴ ተወልደው ያደጉት፣ ትዳር ይዘው ልጆች ያሳደጉት በዚያው አገር ነው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸውና በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ውኃም መብራትም አለው። መስኮቱ ግን የሚያየው የሌላውን ሕንፃ ግድግዳ ነው። አክስቴ የሚያማርሩ ሴት አይደሉም። እንቅልፍ እንዳጡ ያወቅነው እንኳ ሌሊት ተነሥተው ቡና ሲወቅጡ ጎረቤት ስለ ሰማቸው ነው። ምን እንደ ጎደላቸው ስጠይቃቸው፣ «ሌሊቱ ጭር አለብኝ። በእኛ ቤት ሌሊቱን ቀርከሃው ያወራ ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «መቼም አገር ቤት ትሄዳለህ። አንድ እግር ነቅለህ አምጣልኝ፤ በባልዲ አኖረዋለሁ» አሉ።

ይህን ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ አንዱን ግንድ ከነሥሩ አስቆፍረው አሳዩኝ። ከመሬት በታች ያለው ነገር ከላይ ካለው ይልቅ ያስደንቃል። ሥሩ እንደ ሰው ክንድ ወፍሮ ወደ ጎን ይጓዛል፤ ከዚያም ላይ ሌላው ይወጣል፤ ጓሮ ሙሉ የቆመው ሁሉ ከሥር የተያያዘ አንድ ቤተሰብ ነው። የሚተከለውም ከዚሁ ሥር ቆርጦ፣ ዝናቡ ሲጀምር በሰኔ ነው። «መሬቱ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መሬት እንደሌለና ሦስተኛ ፎቅ እንደ ሆነ ብነግራቸው ሳቁ፤ መልሰው ግን አዘኑ። «የሞተ ቀርከሃ የትም ይሄዳል። ሕያው ግን ጎኑን የሚዘረጋበት ይፈልጋል፤ ጉሙንም ይፈልጋል። ሴትዮዋ በባልዲ ሲሞትባቸው ከሚያዩ ይህን ውሰድላቸው» ብለው ትንሽ የቀርከሃ በርጩማ ሰጡኝ፤ ዋጋውንም አልቀበል አሉ። በርጩማው በአውቶቡሱ ጣራ ላይ ተጭኖ አዲስ አበባ ገባ።

አክስቴ በበርጩማው ተደሰቱ። ይሁን እንጂ የጠየቁት ሕያው ነገር ነበር፤ ስለዚህ ቀርከሃ የሚመስል፣ በቤት ውስጥም የሚኖር ተክል ፍለጋ ወደ ችግኝ ሻጮች ዘንድ መመላለስ ጀመርኩ። አንባቢም እንዲህ ያለ ተክል የፈለገ እንደ ሆነ ከፊቱ በዋናነት ሁለት ምርጫ ያገኛል።

አንደኛው ያው በመጀመሪያ የጠቀስኩት የብርጭቆው ተክል ነው። ትክክለኛ ስሙ ድራሴና ሳንደሪያና ይባላል። የቻይና ቀይ ጥብጣብ ታስሮ ቢሸጥም የተወለደው በአፍሪካ፣ በካሜሩንና በአካባቢው ባሉ ደኖች ጥላ ሥር ነው። ሳንደሪያና የሚለው ስም የተሰጠው ሳንደር ለተባለ፣ በእንግሊዝ አገር በሴንት አልባንስ ከተማ ለነበረ ዝነኛ የአበባ ነጋዴ መታሰቢያ ነው። ዛሬ በብዛት የሚያመርቱት በታይዋንና በደቡብ ቻይና ነው፤ በዚያም የሀብትና የክብር ቀርከሃ የሚል ስም አውጥተውለታል። ሦስቱ ግንድ ለደስታ፣ ለሀብትና ለረጅም ዕድሜ ነው ይባላል፤ አራት ግን አይሰጡም፤ በቋንቋቸው አራት የሚለው ቃል ሞት ከሚለው ጋር ስለሚመሳሰል ነው። እንግዲህ ይህ አፍሪካዊ ወደ እስያ ተሰድዶ፣ ስም ለውጦ፣ ጥብጣብ አስሮ ወደ አፍሪካ ተመልሷል ማለት ነው። በእኛም አገር ዘመድ አለው፤ እጸ ጳጦስ የምንለው የደን ተክል የዚሁ የድራሴና ወገን ነው። ቃጫ የሚወጣበትም ተክል ከዚሁ ቤተሰብ ይቈጠራል።

በመልኩ ለመለየት ግንዱን ሳይሆን ቅጠሉን ይመልከቱ። ቀርከሃ ከየአንጓው ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያወጣና ቅጠሉን በዚያ ላይ ይይዛል። ድራሴና ግን ቅጠሉ ግንዱን ራሱን እንደ ነጠላ አቅፎ ይወጣል፤ አንጓ የሚመስለውም የወደቀው ቅጠል የተወው ጠባሳ ነው።

ሲገዙ ግንዱን በሁለት ጣት ጫን ይበሉት። ጠንካራ መሆን አለበት፤ የሚለሰልስ ከሆነ በስብሷል። ከሥሩ በኩል ቢጫ የጀመረውን አይውሰዱ፤ ቢጫ የሆነ ግንድ ወደ አረንጓዴነት አይመለስም፤ አብረውት የቆሙትንም ውኃውን እያበላሸ ያስከትላቸዋል። ሥሩ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ ቢሆን አይደንግጡ፤ የጤናው መልክ ይኸው ነው። ጥቁርና የሚሸት ሥር ነው መጥፎው። ከላይ በተቆረጠበት በኩል የተቀባው ሰም ውኃ እንዳይገባና እንዳይደርቅ የተደረገ ነው፤ አይላጡት። ስለ ተጠማዘዘው ዋጋ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ። ገበሬዎቹ ተክሉን በጨለማ ሸፍነው በአንድ ጎን ብቻ ብርሃን ያሳዩታል፤ ወደ ብርሃኑ ሲያጎነብስ ያዞሩታል፤ ይህንኑ እየደጋገሙ በብዙ ወራት ያጠማዝዙታል። እርስዎ የሚከፍሉት ለዚያ ድካም ነው። ከእርስዎ ቤት ከገባ በኋላ ግን አዲሱ ቡቃያ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በበኩሌ ቀጥ ያለውን እመርጣለሁ፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ቦታው ብርሃን የሚያገኝ ይሁን፤ ፀሐይ ግን በቀጥታ አትረፍበት። የደን ጥላ ልጅ መሆኑን አይርሱ። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ሲበዛ ወደ መስኮት ያስጠጉት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን ከመስኮቱ ያርቁት፤ የደጋው ብርድ ቅጠሉን ይጎዳዋል። ውኃው ሥሩን እስኪሸፍን ሁለት ሦስት ጣት ያህል ይበቃል። ማዳበሪያ የሚባለውን ነገር በውኃ ውስጥ ለቆመ ተክል አያብዙ፤ በሁለት ወር አንድ ጊዜ፣ ያውም እጅግ ቀጥኖ፣ ከበቂ በላይ ነው።

የዚህ ተክል ነገር ሁሉ የሚያዞረው ወደ ውኃ ነው። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ እየሆነ የሚደርቅበት ሰው፣ ውኃ አነሰው ብሎ ይጨምራል፤ ጫፉም ይበልጥ ይደርቃል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የውኃው ማነስ ሳይሆን በውኃው ውስጥ ያለው ነገር ነው። በቧንቧ ውኃችን ውስጥ ያለው ክሎሪን ውኃውን በሰፊ ዕቃ ቀድተው አንድ ሌሊት ቢያሳድሩት በአብዛኛው ይበንናል። ፍሎራይድ ግን አይበንንም፤ ቢያፈሉትም ውኃው ሲቀንስ እርሱ ይበልጥ ይጎላል እንጂ አይጠፋም። ድራሴና ደግሞ ከቤት ተክሎች ሁሉ ፍሎራይድ ከሚጎዳቸው አንዱ ነው። ውኃው ከሥር ተነሥቶ በቅጠሉ በኩል ሲተን ፍሎራይዱ ከጫፉ ላይ ይቀራል፤ እየተጠራቀመም ያቃጥለዋል።

በስምጥ ሸለቆ ለሚኖር አንባቢ ይህ ወሬ አዲስ አይደለም። በወንጂ፣ በዝዋይና በሌሎችም የስምጥ ሸለቆ ቦታዎች የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚፈቅደው፣ ማለት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም፣ የሚበልጥ ብዙ ነው። በልጅነቱ ይህን ውኃ እየጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ይሆናል፤ ብዙ ዘመን ከጠጣውም አጥንቱ ይጎዳል። የልጆችን ጥርስ ያጠቈረው ውኃ የድራሴናንም የቅጠል ጫፍ ያጠቍራል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ያሉ ከጣራ የወረደ የዝናብ ውኃ ይጠቀሙ። በቤትዎ ያለው ይህ ተክል የቅጠሉ ጫፍ ዘወትር የሚያርርብዎ ከሆነም፣ ከተክሉ ይልቅ ልጆችዎ የሚጠጡትን ውኃ ማስመርመር ይቅደም።

ሌላም የውኃ ጉዳይ አለ። በ2001 እ.ኤ.አ. ከቻይና ወደ ካሊፎርኒያ በመርከብ በሄደ የዚሁ ተክል ጭነት ውስጥ፣ ተክሉ በቆመበት ውኃ ላይ፣ የእስያ ነብር የምትባለው ትንኝ ተገኝታ ነበር። ለእኛም ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በሱማሌ ክልል በቀብሪ ደሐር የተገኘችው፣ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ እንደ ቀድሞዎቹ ረግረግ ሳትፈልግ በከተማ ውስጥ በበርሜልና በማጠራቀሚያ ውኃ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝም ጋር የተያያዘች እርስዋ ናት። ስለዚህ በተለይ በቆላ ከተሞች የምትኖሩ፣ የብርጭቆውን ውኃ በየሳምንቱ ድፉት፤ ዕቃውንም ከውስጥ በኩል ፈትጋችሁ እጠቡት፤ የአንዳንዷ ትንኝ እንቁላል ከግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራልና። ይህ ያስቸገረው ሰው ተክሉን በአፈር ይትከለው፤ በአፈርም ደኅና ይኖራል።

ድመት ወይም ውሻ ያለዎት ከሆነ ደግሞ ድራሴናን ከአፋቸው ያርቁ፤ ቅጠሉን ከበሉ ያስታውካቸዋል።

ለአክስቴ ይህን ተክል ይዤላቸው ለመሄድ ተቃርቤ ነበር። አያያዙ ቀላል ነው፤ ቦታም አይፈጅም። ሳስበው ግን ድራሴና ዝምተኛ ነው። ቅጠሉ ወፍራምና ጥቂት ስለ ሆነ፣ መስኮት ቢከፈት እንኳ ምንም አይናገርም። የእርሳቸው ጥያቄ ደግሞ ስለ መልክ አልነበረም።

ሁለተኛው ምርጫ የቀርከሃ ዘንባባ የሚባለው ነው። የሳይንስ ስሙ ካሜዶሪያ ሰይፍሪዚ ሲሆን የመጣው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ደኖች ነው። ይህም ቀርከሃ አይደለም፤ ዘንባባ ነው። ነገር ግን ቀጫጭን ግንዶቹ አንጓ አላቸው፤ ብዙ ሆነውም ከአንድ ሥር ስለሚወጡ ከሩቅ ያየ ሰው የቀርከሃ ጥሻ ይመስለዋል። በማሰሮ አፈር ውስጥ ከሰው ቁመት ሊበልጥ ይችላል። ቅጠሉ እንደ ላባ የተከፋፈለ ስለ ሆነ ትንሽ ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል። ለድመትም ለውሻም መርዝ የለውም።

አያያዙ ከድራሴና ጥቂት ይከብዳል እንጂ አያስፈራም። ጥላን ይችላል፤ ሌላ ሕንፃ በሚያይ መስኮት አጠገብ ይኖራል። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ወደ አፈሩ ያስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ ያጠጡት፣ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። ማሰሮው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፤ ውኃ የተኛበት ዘንባባ ሥሩ ይበሰብሳል። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ከቅጠሉ ሥር በዓይን ለማየት የምታስቸግር ቀይ ሸረሪት ትወጣበታለች፤ ድሯ እንደ አቧራ ይታያል። በእርጥብ ጨርቅ ከላይም ከታችም መጥረግ ይበቃታል። ጫፉን በመቍረጥ አሳጥራለሁ የሚል ሰው ግን ይጠንቀቅ። ድራሴና ቢቆረጥ ከጎኑ ያቈጠቍጣል፤ የዘንባባ ግንድ ራሱ ከተቆረጠ ግን ያ ግንድ አበቃለት።

ሻጩ ይህን ተክል ሲያሞግስ፣ «የቤቱን አየር ያጠራል፤ ናሳ መስክሮለታል» አለኝ። በ1989 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ይህን ዘንባባ ከሌሎች ተክሎች ጋር በታሸገ ሣጥን ውስጥ መርምሮ መልካም ውጤት ማግኘቱ እውነት ነው። ሰው ግን በታሸገ ሣጥን ውስጥ አይኖርም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ያለፉትን ጥናቶች የመረመረ ጽሑፍ እንዳሰላው፣ በሕንፃ ውስጥ በተፈጥሮ የሚዘዋወረው አየር የሚሠራውን ያህል ለመሥራት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል። አየር የፈለገ መስኮት ይክፈት። ለእኛም ጉዳይ መስኮቱ መከፈቱ ነው የሚበጀው፤ ነፋስ ካልገባ ዘንባባው አይናገርምና።

ዘንባባውን በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ አስገባንላቸው። አክስቴ ዙሪያውን ዞረው አዩት፤ ቅጠሉን በጣታቸው መካከል አሻሹት፤ ግንዱንም ልክ እንደ ሽማግሌው መታ መታ አደረጉት። «ይህ ቀርከሃ አይደለም» አሉኝ። አይደለም አልኳቸው። «ታዲያ ምን ልበለው?» ሲሉኝ ስሙን ነገርኳቸው፤ ሊጠሩት አልፈለጉም። እስከ ዛሬ «እንግዳው» ነው የሚሉት። በርጩማውን ከጎኑ አድርገው፣ ማታ ከመተኛታቸው በፊት መስኮቱን ጥቂት ከፈት ያደርጉለታል። እንቅልፋቸው እንደ ድሮው ተመልሷል አልልም፤ ሌሊት የሚወቀጠው ቡና ግን ቀንሷል ብለው ጎረቤቶቻቸው ነግረውኛል።

እንግዳው ከዚያ ወዲህ ሦስት አዲስ ግንድ አወጣና ማሰሮው ጠበበው። እንዲህ ሲሆን ሥሩን ሳይበጣጥሱ ከነአፈሩ አውጥቶ፣ ከቀድሞው በጥቂት ጣት ብቻ ወደሚሰፋ ማሰሮ ማዛወር ነው፤ ጊዜውም ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ከፍሎ መትከልም ይቻላል፤ የተከፈለው ግን ቢያንስ ሁለት ሦስት ግንድና የራሱ ሥር ይኑረው፤ ለጥቂት ወራት ቢያኮርፍም አይጣሉት። አክስቴ የእርሳቸውን ለመክፈል ሰኔን እየጠበቁ ነው። ግማሹን ከሥራቸው ባለው ፎቅ ለሚኖሩት፣ ድመት ለሚያሳድጉት ሴትዮ ቃል ገብተውላቸዋል።